የመጨረሻው ዜሮ

ስክሪኑ ላይ ዜሮ ብቅ አለ። በእሷ ሙያ፣ በኮምፒውተር ሥራ፣ ዜሮ ማለት ትእዛዙ በሰላም አልቋል ማለት ነው፤ ሌላ ቁጥር ከመጣ አንድ ነገር ተበላሽቷል። የመጠባበቂያው ፋይል ግን ባዶ ነበር። ሦስት ትእዛዞችን፣ አንዱ ለሌላው እያቀበለ እንዲሠሩ፣ በአንድ መስመር አያይዛ ነበር። የመጀመሪያው ምንም ሳያነብ ከሸፈ፤ የመጨረሻው ባዶውን አሳምሮ አስቀመጠ። ማሽኑ ደግሞ የሚናገረው የመጨረሻውን ትእዛዝ ውጤት ብቻ ነው።

«አንተ ቀጣፊ!» አለችው፣ ጣቷን ዜሮው ላይ ጫን አድርጋ።

ስልኳ ጠራ። ለሥራ ሌላ ከተማ ከሄደ ሁለተኛ ዓመቱን የያዘው ባለቤቷ ነበር። እንደ ልማዱ ስለ ብርዱ አነሳ፣ ሳል አቋረጠው፣ በአለቃው ቀለደና «በቃ፣ ደህና ነኝ» ብሎ ደመደመ። ሌላ ቀን ቢሆን «ተመስገን» ትለው ነበር። ዛሬ ጣቷ ገና ከዜሮው ላይ አልተነሳም።

«የመጨረሻውን ተወውና ከመጀመሪያው ንገረኝ» አለችው።

«ከየትኛው መጀመሪያ?»

«ከጠዋቱ። ስትነሳ።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ስልኩን አየት አደረገችው።

«ስነሳማ…» አለ፣ ድምፁ ወርዶ፣ «እዚህ አልጋዬ ላይ ላንቺ ያስቀመጥኩት ትራስ እንዳለ ነው። እስካሁን ያንቺን ጎን ትቼ ነው የምተኛው።»