መከላከል

አባትየው ከልጁ ከሶስና ጋር ቴኳንዶ የተመዘገበው «ልጄ ላይ ማንም እጁን እንዳያነሳ» ብሎ ነው። ይህን ስትሰማ ዝም ማለቷን ከደስታ ቆጠረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ነጭ ልብሱን ለብሶ፣ ቦርጩን በቀበቶ ሸብ አድርጎ፣ በአርባ ስድስት ዓመቱ ከሕፃናትና ከጎረምሶች ጋር ይሰለፋል። የአስር ዓመቷ ሶስና የጎረምሶቹን ሁሉ ምት በክንዷ ስትመክት ሲያይ ግን የጉልበቱን ሕመም ይረሳል።

«የማን ልጅ መሰለቻችሁ?» ይላል ዳር ለተቀመጡት ወላጆች።

ዛሬ ማስተሩ አባትና ልጅን ፊት ለፊት አቆማቸው።

«ከሌላ ሰው ጋር ልሁን» አለች ሶስና፣ መሬት መሬት እያየች።

«አባትሽ አይደሉ እንዴ? ምን ያስፈራሻል?» ብሎ ሳቀ ማስተሩ። ወደ አባትየው ዞሮም፣ «እርስዎ ከላይ ይሰንዝሩ፤ እሷ ትመክታለች» አለ።

አባትየው ፈገግ እንዳለ ቀኝ እጁን አነሳ።

የሶስና ክንዶች ከጎኗ አልተነሱም። ምንጣፉ ላይ ተንበረከከች፤ ዓይኗን ጨፍና መዳፎቿን አጋጠመች። አዳራሹ ጸጥ ከማለቱ የተነሳ ሹክሹክታዋ እስከ ወላጆቹ ወንበር ድረስ ተሰማ።

«አባዬ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም።»