አንድ ድስት ለሦስት አፍ

በኑኤሴስ ወንዝ ዳር ያለው የእነ ሳላሳር መሬት ለሦስት ወንድማማቾች ሳይከፈል የቀረ ነበር። አባታቸው ሲሞት ተስማምታችሁ ብሉ ብሎ ተናዞ ነበር፤ እነሱ ግን አልተስማሙም። ታላቅየው ፋውስቶ በአንድ ጥጃ ሰበብ የታናሽየውን የኢላሪዮን መንጋጋ ሰበረ። ኢላሪዮም መንጋጋው ሲጠገንለት ሄዶ የፋውስቶን ውሻ በጥይት ገደለ። ሁለቱም ሚስት አላገቡም። እየገባ የሚገላግላቸው መካከለኛው ኤውሴቢዮ ነበር፤ አሁን ግን ገላጋይ የለም።

ከወንዙ የወጣው ሬሳ ደረቱ ላይ ሁለት ጥይት ነበረበት። ፊቱን ዓሣ በልቶት ስለነበር፣ የኤውሴቢዮ ሚስት ኦቲሊያ የቀበቶውን ዘለበት አይታ ነው የባሌ ነው ያለችው። በዚያው ሳምንት የኤውሴቢዮ ከብት ነጂ ሐሲንቶ ኮርቻውን እንኳ ሳይወስድ ከአገር ጠፋ። ኢላሪዮ ነገሩን ለማያያዝ ብዙ አልተቸገረም። ፋውስቶ ሐሲንቶን ገዝቶ ወንድማቸውን አስገድሏል፤ ገዳዩንም ድንበር አሻግሮታል።

የዘጠኝ ቀኑ ጸሎት ባበቃ በማግስቱ ኦቲሊያ ሁለቱን ዋርሶቿን ምሳ ጠራቻቸው። የሙት ዝክር ነውና መቅረት ነውር ነው። ኢላሪዮ ሽጉጡን ከሸሚዙ ሥር ሸጉጦ ቀድሞ ደረሰ። እሱም ቢሆን ልቡ ሙሉ አልነበረም፤ በበልጉ በውኃ የተነሳ ከኤውሴቢዮ ጋር ተሰዳድቦ ነበርና መበለቲቱ ልትጠረጥረው ትችላለች። መበለት ደግሞ ጥይት አትተኩስም፤ ድስት አላት።

ስለዚህ ምድጃው ዳር ተቀምጦ እጇን እጇን ያይ ጀመር።

የበሬ ሥጋውን አድቅቃ ከትፋ፣ በሞራ ጠብሳ፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ከሙን ጨምራበት ይንተከተካል። በርበሬው ገና አልገባም። ሳይጠይቃት አንድ ሳህን ጨልፋ አወጣች።

“ይሄ ያንተ ነው። ጨጓራህን መች አጣሁት” አለችው።

ከዚያ ዘፍዝፋ የፈጨችውን ዛላ በርበሬ ገለበጠችበት። ወጡ ቀልቶ ሲወፍር ሁለተኛ ሳህን ጨልፋ የተቀቀለ ቦሎቄ ደባለቀችበት። ኤውሴቢዮ ቦሎቄ ከሌለው ምግብ አይለውም ነበር፤ ፋውስቶ ደግሞ ቺሊ በሚሉት በዚህ የሥጋ ወጥ ውስጥ ቦሎቄ ካየ ሳህኑን ገፍቶ ይነሳል። ሳህኑን በቂጣ ሸፍና፣ ማንኪያ ጨምራበት፣ የሙቱ ድርሻ ነው ብላ ሻማ ወደተለኮሰለት ጓዳ ይዛው ገባች። ለሙት ማንኪያ! ኢላሪዮ ሐዘን ሰውን ያጃጅላል ብሎ በልቡ አለፈው። ድስቱ ውስጥ የቀረው የፋውስቶ ድርሻ ነው፤ እሱ ላይ ከቁጥቋጦው የተለቀመ የዱር ሚጥሚጣ እፍኝ ሙሉ ወቅጣ ነሰነሰችበት።

“እስቲ ቅመሺው” አላት ኢላሪዮ።

ቀና ብላ አየችው። በአንድ ማንኪያ ከሱም ሳህን፣ ከድስቱም ቀመሰች። የድስቱ እንባዋን አመጣው።

“ፈራኸኝ እንዴ?”

አልፈራሁም አላት፤ ትከሻው ግን ያን ጊዜ ነው ረገብ ያለው። እሷም ጠጋ ብላ ዘጠኝ ቀን ሙሉ የዋጠችውን ነገረችው። ኤውሴቢዮ የጠፋ ዕለት የፋውስቶን ግራጫ ፈረስ ወንዙ ዳር ታስሮ አይታዋለች። ፈርታ ነው እንጂ ያኔውኑ ትናገር ነበር። ኢላሪዮ ከሸሚዙ ሥር ሽጉጡን ዳሰሰ።

ፋውስቶ ሲመጣ ወጥታ የተቀበለችው እሷ ናት። በመስኮት ሲታዩ የውኃ ጉድጓዱ ዘንድ ቆመዋል፤ እሷ ትናገራለች፣ እሱ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ባርኔጣውን ሳያወልቅ ገባና ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ተቀመጠ። ሳህኑ ሲቀርብለት ያማስለዋል እንጂ አይጎርስም።

“ቀድመህ መጥተህ እሳቱ ዳር ተቀምጠህ ነበር አሉ” አለ።

“ብቀመጥስ?”

ፋውስቶ ሳህኑን በጠረጴዛው ላይ ገፋለት። “አንድ ማንኪያ ቅመስልኝ።”

ኢላሪዮ ሳቀ፤ ባይስቅ ይሻለው ነበር። “ጋሼ፣ ይሄን ብቀምስ ደም እንደሚያስመልሰኝ አጥተኸው ነው?”

“አንድ ማንኪያ ብቻ። ስለ ኤውሴቢዮ ነፍስ ብለህ።”

“አልቀምስም።”

“ገባኝ” አለ ፋውስቶ። “እሱንም የበላኸው አንተ ነህ።”

“ፈረስህ ወንዙ ዳር ምን ይሠራ ነበር?”

“የቱ ፈረስ?” ፋውስቶ ከልቡ ግራ የተጋባ መሰለ። እጁ ግን ወገቡ ላይ ከሻጠው ቢላ ደርሷል።

ኢላሪዮ ሽጉጡን ሲመዝ ፋውስቶ ሳህኑን አፈፍ አድርጎ ፊቱ ላይ ደፋበት። ሚጥሚጣው ዓይኑን ጋረደው። በጭፍን ተኮሰ፤ የመጀመሪያው ግድግዳ መታ፣ ሁለተኛው የፋውስቶን ጉሮሮ። ፋውስቶ ግን እያንኮራፋ በላዩ ላይ ወደቀ፤ ቢላውን ሆዱ ውስጥ ሰክቶ ወደ ጎን ሳበው። ጠረጴዛው ተገለበጠ። ወለሉ ላይ ተናንቀው ተንከባለሉ፤ ከወጡና ከደሙ የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም። ኢላሪዮ የወንድሙን ጣቶች ነከሰ፣ ወንድሙም ጭንቅላቱን ከድንጋዩ ወለል ጋር አላተመው፤ አንዴ፣ ሁለቴ። በሦስተኛው የፋውስቶ እጅ ላላ፣ ትንፋሹም ቆመ።

ኢላሪዮ ከሥሩ ተፍጨርጭሮ ወጥቶ በጀርባው ተዘረረ። አንጀቱን በሁለት እጁ ደግፎ ይዟል። በሚያቃጥለው ዓይኑ አጮልቆ ሲያይ ኦቲሊያ ምድጃው ዘንድ እጇን አጣምራ ቆማለች። ሐኪም እንድትጠራለት ለመናት፤ እንደ ሕፃን ለመናት። መጣችና ሽጉጡን በእግሯ ገፍታ ከእጁ አራቀችው። ከዚያ ፊቷን አዞረች።

“አልቋል፤ ና” አለች፣ ለእሱ ሳይሆን።

የጓዳው በር ተከፈተና ኤውሴቢዮ የፋውስቶን እግር ተራምዶ ገባ፤ በሱ ቀበቶ የተቀበረው ሐሲንቶ ኖሯል።