ሰማይን የማይጎዳው ጋዝ

ገመዱ ቹንላን እጅ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተሳበ። ደህና ነኝ ማለት ነው። አንዴ ከተሳበ «ጠበቅ አድርጊ» ነው። ባልና ሚስቱ ኤሲ ሲገጥሙና ሲነቅሉ በኖሩበት ዘመን ሁሉ፣ ደሺን ከመስኮት ውጭ ተንጠልጥሎ ድሪሉ ሲያጓራ የሚነጋገሩት በዚህ ነው። እሷ ገመዱን በብረት አልጋው እግር ታዞርና ወገቧ ላይ ታስረዋለች። የቀረው የዕድል ነው።

አልጋው ባዶ ነው። የደንበኛቸው የአባባ ሉ ባለቤት ሽባ ሆነው ከተኙ ወዲህ ሳሎን ወጥተዋል፤ ይኼ ክፍል ለሚያገላብጣቸው ሰው አይመችም። እናም በጸደይ እነደሺን ራሳቸው የገጠሙት አዲሱ ኤሲ ተነቅሎ እሳቸው ወዳሉበት መዛወር አለበት። የቾንግቺንግ ሙቀት ዘንድሮ ለጤነኛም አልራራም። ከተማው ሁሉ ኤሲውን ሲከፍት ኃይሉ አልችል ብሎ መብራት በየሰፈሩ በተራ ይጠፋል። ዛሬ ተራው የዚህ ሰፈር ነው። አሮጊቷ በየመሀሉ ሲያቃስቱ እዚህ ድረስ ይሰማል።

ከውጭ ቀጭን ፉጨት መጣ። እስስስስ።

«ደሺን! የኤሲውን ጋዝ እየለቀቅከው ነው እንዴ?»

«ታዲያ ልጠጣው?»

«ፓምፑ አለ አይደል! ወደ ሲሊንደሩ ሳበው እንጂ!»

«ፓምፑ ታች መኪናው ላይ ነው። ስድስት ፎቅ ተሸክሜው ልውጣ? እሺ ወጣሁ፤ መብራት በሌለበት በምን ይዞርልሻል? በአፌ ልምጠጠው?»

«ስልጠናው ላይ የተባለውን ረሳኸው?»

«አንቺ ሴትዮ!» አለ ደሺን፤ እየሳቀ እንደሆነ ከድምፁ ታወቃት። «ስንት ዓመት ሙሉ ‹ሰማዩን አቃጠልከው፣ የልጅ ልጆቻችንን ጠበስካቸው› እያልሽ አንጀቴን በላሽው። እሺ ብዬ ወደ አዲሱ ጋዝ ዞርኩልሽ። ይኼኛው ሰማይ አይጎዳም ያልሽው ራስሽ ነሽ። ካልጎዳ በሰላም ይሂዳ!»

እውነቱን ነው፣ ብላዋለች። ድሮ የአሮጌዎቹን ማሽኖች ብሎን ፈትቶ ጋዙን ወደ ሰማይ ሲለቀው ማታ በራት ላይ ትጨቀጭቀው ነበር፤ «ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» እያለች ትስቅበት ነበር። ስልጠናው ቦታ እሱ ሲያንቀላፋ እሷ ሰምታለች። ሲወጡም የሰማችውን ነገረችው። አዲሱ ጋዝ እንደ ማድ ቤት ጋዝ ይነዳል፣ ግን ሽታ የለውም የሚለውን ክፍል ለስለስ አድርጋ ነው ያለፈችው። ፈርቶ ወደ አሮጌው እንዳይመለስባት ብላ።

«በል እሳት ብቻ እንዳታቀርብ!» ብላ ጮኸች። «ሰማህ? ይነዳል!»

«የምን እሳት? እኔው ተቀቅያለሁ!»

ገመዱ ሁለቴ ተሳበ። ትንሽ ቀለላት።

አባባ ሉ የሲጋራ ፓኮ ይዘው ገቡ። ላባቸውን በከናቴራቸው ጫፍ እየጠረጉ ፈገግ አሉላት። ሲጋራ ሳያቀርቡለት ባለሙያ ከቤታቸው ቢወጣ የሚያፍሩ ሰው ናቸው። ቹንላን ብዙም አልደነገጠችም፤ ደሺን ሥራ ላይ ሲሰጡት ጆሮው ላይ ይሰካና ማታ ነው የሚያጨሰው።

«ሺፉ፣ እጅህ ሥራ ይዟል፣ አትቸገር» አሉ አባባ ሉ፣ ባለሙያ በአክብሮት በሚጠራበት ስም ጠርተውት፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እየተጠጉ። «አፍህን ብቻ ስጠኝ።»

«ኧረ አባባ፣ አሳፈሩኝ» አለ ደሺን። ቀጥሎ ድምፁ ሲጋራ በከንፈሩ ይዞ የሚናገር ሰው ድምፅ ሆነ። ሽማግሌ ባጎረሰ እንዴት እንቢ ይባላል።

የአዛውንቱ ሌላ እጅ ኪሳቸው ገባ።

«አባባ! እንዳይለኩሱት!»

ወደ እሳቸው ተወረወረች። አንድ እርምጃ ስትሄድ ገመዱ ላላ፤ ከውጭ «ኧረ ያዢኝ!» የሚል ጩኸት ሰማች። ወደ ኋላዋ ተመለሰች፣ ምን ታድርግ! አባባ ሉ ምን አለች ብለው ፈገግታቸው ሳይጠፋ ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ። አውራ ጣታቸው ግን ላይተሩን ጫን ብሎት ነበር።

ድምፁ ትልቅ አልነበረም። ምድጃ ሲያያዝ እንደሚለው ድፍ አለ፣ መስኮቱም ሰማያዊ ሆነ። አባባ ሉ እጃቸውን እያራገፉ በጀርባቸው ወደቁ። ገመዱ ቹንላንን ከወገቧ አጥፎ አነሳት፤ አልጋው ከነሷ ወለሉን እየፋቀ እስከ መስኮቱ ሥር ተጎተተ። ሁለት እግሯን ግድግዳው ላይ ተከለች። መዳፏ ተላጠ። አልለቀቀችም።

«ደሺን!»

ፉጨቱ ቀስ እያለ ቀጠነና ቆመ።

«ደሺን! አንተ ሰውዬ!»

«ሲጋራ እኮ ነው» አሉ አባባ ሉ ወለሉ ላይ ሆነው፤ ቅንድባቸው ጠፍቷል። «ሲጋራ ብቻ እኮ ነው ልጄ።»

«ምንድነው?» አሉ አሮጊቷ ከሳሎን፣ በደከመ ድምፅ። «መብራት መጣ?»

ጎረቤቶች ደረጃውን በሩጫ እየወጡ ነው። ቹንላን ካለችበት ሆና በመስኮቱ የሚታያት ሰማዩ ብቻ ነው። ጭስ የለበትም። ትናንት እንደነበረው ነው።

በተላጠው እጇ ገመዱን ሁለት ጊዜ ሳበችው። መልሶ እንዲስብላት ጠበቀች። እንደገና ሁለት ጊዜ ሳበችው።