ጥጥ የማይገባበት ቤት

ልጆቼ፣ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡና የቤቴን ጉድ ስሙኝ።

ልጄ ማሮ ሸማኔ ነው። ዛሬ ግን በጨንቻ ነጠላ የሚሠራ የለም፤ ሸማኔው ሁሉ ለባትሪ ፋብሪካው ጥቁር የካርቦን ጨርቅ ነው የሚሸምነው። ባትሪው ውስጥ ገብቶ ኤሌክትሪኩን የሚሰበስበው እሱ ነው አሉ። አንዲት የጥጥ ብናኝ ካረፈችበት ይበላሻል ብለው፣ ሸማኔ ቤት ጥጥ እንዳይገባ ከለከሉ። እንዝርቴን እንኳ ወሰዱብኝ።

ጥቁሩ ክር ደግሞ እንደ እሾህ እጅ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። ማሮ የስድስት ወር ልጁን የሚያቅፋት ስባሪው እንዳይወጋት በወፍራም ጋቢ ጠቅልሎ ነበር። ጋቢውን ደብቄ ያቆየሁት እኔ ነኝ። ትናንት የፋብሪካው ተቆጣጣሪ መጥታ ከሕፃኗ ፀጉር ላይ የጥጥ ብናኝ ለቀመች።

«እማማ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«የልጅ ልጄ ልብስ ነዋ። እንደ መኪናሽ በባትሪ የምትሞቅ መሰለሽ?»

«በላስቲክ ይጠቅልሏት። ደንብ ነው።»

«እሾሁ ላስቲኩን ይበሳዋል፣ የኔ እናት። አንቺን እናትሽ በላስቲክ ነው ያሳደገችሽ?»

ጋቢውን ይዛ ሄደች። ንዴቴ እስካሁን አልበረደልኝም።

ማሮ ከሥራው ተነሣ። ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ «እማዬ፣ ልጄን ወደ ፊቴ አስጠጊልኝ» አለኝ። አስጠጋሁለት፤ ግንባሯን ሳማት። እሷም እቀፈኝ ብላ እጆቿን ዘረጋችለት። እሱ የራሱን እጆች ከኋላው እንዳቆላለፈ ቀረ።

እባካችሁ ልጆቼ፣ ያ ባትሪ ስንት መኪና እንደሚነዳ ሲያወሩላችሁ፣ ይህንንም አስታውሱልኝ።