የበረኛው ትከሻ

ልጆቼ፣ ይህ ነገር የሆነው ገና ባልመጣ ዘመን ነው። በዚያ ዘመን ሜዳ ላይ የተጎዳ ተማሪ ሕመሙን ለአሰልጣኙ ያስረክባል። ቁስሉ በልጁ አካል ላይ ይድናል፤ ስቃዩን ግን እስኪሽር ድረስ አሰልጣኙ ይሸከማል። የኮሌጅ አሰልጣኝ ደሞዝ ከኮሌጁ ኃላፊ ደሞዝ የሚበልጠውም ለዚህ ነው።

ትርንጎ የባሏን የአሰልጣኝ ደምመላሽን ሸሚዝ እየቆለፈችለት ነበር። ትንሿ ልጃቸው ወደ ትምህርት ቤት ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ "ደህና ዋል አባዬ!" አለችው። እንዳታሳምመው ብላ እሱን ማቀፍ ከተወች ሁለት ዓመት ሆኗታል።

የትርንጎ ወንድም ጌጡ ሻዩን እያማሰለ፣ "ቆሞ ለመጮህ ይህን ሁሉ ብር! ምነው እኔን በቀጠሩኝ!" አለ።

"ና በላ ጌጡ፣ የአንዱን ተጫዋች ጉልበት በቅናሽ ልስጥህ" አለው ደምመላሽ።

ጌጡ ሳቀ። ትርንጎ ግን አልሳቀችም። ጠረጴዛው ላይ የሚቀጥለው ዓመት ውል ተቀምጧል።

"ዘንድሮ አትፈርማትም" አለችው። "ይበቃል። ይህቺ ልጅ አባት ያስፈልጋታል።"

"የበረኛችን የናሆም ትከሻ እኔ ዘንድ ነው፣ ትርንጎዬ። ካልፈረምኩ ሕመሙ ዛሬውኑ ይመለስበታል።"

"ሌላ አሰልጣኝ አይረከብም?"

"ጠየቅን። እሺ የሚል ጠፋ።"

ናሆም ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ደምመላሽ እስክሪብቶውን ሊያነሳ ሞከረ፤ ትከሻው እምቢ አለው። ጌጡ ሊያግዘው ብድግ ሲል፣ "አንተ ተቀመጥ!" አለችው ትርንጎ።

ከዚያም የባሏን እጅ በእጇ ይዛ፣ እንዳያመው ቀስ እያለች፣ ስሙን አብራው ጻፈች።