ስምንት ሰከንድ

በሰፈራችን እንደ እኔ ኮድ የሚጽፍ የለም፤ ለጉራ አይደለም፣ ማስረጃ አለኝ። ድሮ የሕንፃችን በሮች ስንት ሰከንድ ተከፍተው እንደሚቆዩ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቁጥር ይዘው ሲዘበራረቁ፣ ቁጥሮቹን ሁሉ አንድ ፋይል ውስጥ የሰበሰብኳቸው እኔ ነኝ። አሁን የነዋሪዎች ድረ ገጽም፣ በሮቹን የሚያዘው ኮድም፣ መዝገቡም የሚያነቡት ከዚያው ነው። አንድን ቁጥር ሁለተኛ ቦታ መጻፍ ክልክል ነው። ሕጉንም ያወጣሁት እኔው!

ማንኛውም በር ከተከፈተ ስምንት ሰከንድ ቆይቶ ይዘጋል። ዛሬ አክስቴ ይርገዱ በምርኩዝ ቀስ ብላ ስታልፍ በሩ ነጠላዋን ይዞ ቀደደባት፤ በዚህ ሳምንት ሦስተኛ ጊዜው ነው። የጓደኛዋ ለቅሶ ሳትደርስ ከደጃፉ ተመለሰች።

ደሜ ፈላ። ለእኛ በር ብቻ ሃያ ብዬ ልጽፍ ስል፣ ለሁሉም በር አንድ ቁጥር ብቻ የሚቀበለው ፋይሌ እምቢ አለኝ። ለሁሉም ሃያ ይሁን ብዬ ብጠይቅ ደግሞ ጎረቤቶቹ "ብርድ ይገባል" ብለው በድምፅ ጣሉት። ብርድ! ጋቢ አጥተው ነው?

"ጨካኞች!" አልኩ ሳሎኑ ውስጥ እየተንጎራደድኩ። "ለሰው አያስቡም እኮ!"

አክስቴ ነጠላዋን ከምትሰፋበት ቀና አለች። "ስምንት ይሁን ያለው ማነው?"

"እኔ።"

"በምን ለክተሽ?"

"ራሴ ወጥቼ ገብቼ ነዋ! እንዲያውም አምስት ሰከንድ ተርፎኛል።"

"ታዲያ ጎረቤቱን ምን ትሰድቢያለሽ? አንቺም ያሰብሽው ለራስሽ እግር ነው።"