የረዘመው አልጋ

ሰው የወሰደ አገር በምትኩ ሰው ይላክ የሚለው ሕግ ከወጣ ወዲህ፣ ልጄ ስንዱ ለነርስነት ኖርዌይ ስትሄድ እኔ ዘንድ ደሴ የመጣው ኦድቫር ነው። አናጢ ነው፤ ቁመቱ ሁለት ሜትር ያህላል። ስንዱ ደግሞ እዚያ የምትኖረው ከእሱ እናት ጋር ነው።

መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። አሁን ግን ሰፈሩ በሙሉ በእሱ አብዷል። የእድራችንን ድንኳን ያለ መሰላል ይተክላል። ለቅሶ ላይማ ከሟች ዘመዶች ብሶ ስለሚያለቅስ፣ ሐዘን የደረሰበት ሁሉ "ኦድቫርን ላኪልን" ይለኛል።

ዛሬ ስንዱ በቪዲዮ ደወለች። ኦድቫር አልጋዋን በሁለት ስንዝር እንዳስረዘመው ሲያሳያት በሳቅ ፍርስ አለች።

"የሱ እናትም የወጥ ቤቱን መደርደሪያ ሁሉ እኔ እንድደርስበት ዝቅ አስደርገውታል" አለች።

ሦስታችንም እንባችን እስኪወርድ ሳቅን።

"ሚያዝያ ላይ ኮንትራቴ ያልቃል፤ እሱም ወደ አገሩ ይመለሳል። ከመሄዱ በፊት አልጋዬን ያሳጥርልኝ" አለች ስንዱ።

ኦድቫር እየሳቀ መጋዙን አነሣ።

"ተወው" አልኩት። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ።

ስንዱ ወደ ስልኩ ጠጋ ብላ፣ "የሱ እናትም መደርደሪያውን ዝቅ እንዳለ ተይው ብለውኛል" አለችኝ።